«አንተን አይደለም እኮ፣ እሱን ነው!»

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ ከአራት ሰው ደርሶኛል። ሁለቱ «እንዴት ደስ ይላል፣ አንብበው» ብለው ላኩት። አንዱ «አንተን ነው የሚለው» አለኝ። አራተኛው ምንም አላለም፣ ዝም ብሎ ላከው። ጸሐፊው እንደ እኔ የማንቼ (የማንችስተር ዩናይትድ) ደጋፊ ነው። ብዕሩ ጥሩ ነው፣ ኳስም ያውቃል። ተራ ተሳዳቢ ቢሆን ኖሮ አልፈው ነበር። ይሄን ግን ማለፍ አልቻልኩም።

የጽሑፉ መነሻ ይሄ ነው። ጥቂት ልጆች በደጋፊው መሃል ተጫዋች ሲሳሳት ቆዳውን እያነሱ መሳደብና መቀለድ ይቅር ብለው ተናገሩ። «ጎል ሳተ በሉት፣ ሰነፍ በሉት፣ ይሸጥ በሉ፤ መልኩን ግን ተዉት» ነው ያሉት። ወዲያው የስድብ ናዳ ወረደባቸው። ጸሐፊው ራሱ አልተሳደበም። በጨዋ ቋንቋ ግን ከተሳዳቢዎቹ ጎን ቆመ።

ሐሳቡን ሳላጣምም ላቅርበው። የደጋፊ ቀልድና ዘፈን ከፍቅር የሚመጣ ነው ይላል፤ ክፋት በሌለበት ዘረኝነት የለም። ባለቤቱ፣ ማለትም ተጫዋቹ፣ ቅር ካላለው ሌላው ምን አገባው ይላል። ሜዳ የስሜት ቦታ ስለሆነ ራሰ በራውም ወፍራሙም ይሰደባል፣ ጥቁሩ ለብቻው ለምን ይከለላል ይላል። ወቀሳው የሚመጣው ከተቀናቃኝ ደጋፊና ከእንግሊዝ ጋዜጦች ስለሆነ እውነተኛ ደጋፊ ከእነሱ ጋር አያብርም ይላል። በመጨረሻም፣ ብዙ ጭብጨባ ያገኘበት ነጥብ ይሄ ነው፣ ነገሩ የፈረንጅ ችግር ነው ይላል። እኛ ራሳችን ጥቁር ነን፣ ቅኝም አልተገዛንም፣ በአማርኛ የምንለው ነገር ልማድ እንጂ ንቀት አይደለም ይላል።

በተራ ልመልስ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።

ስለ ፍቅር ሲያወራ ጸሐፊው የሉካኩን ዘፈን በምሳሌነት አንስቷል። እኔም ከእሱ ልጀምር። ጥቁሩ የቤልጂየም አጥቂ ሮሜሉ ሉካኩ በ2017 ክረምት ከኤቨርተን ወደ ማንቼ መጣ፣ በ75 ሚሊዮን ፓውንድ። ገና እግሩ ከመግባቱ ጎል በጎል ሆነ። ደጋፊው ወደደው፣ ዘፈንም አወጣለት። የዘፈኑ ዋና ነገር ግን ጎሎቹ አልነበሩም። ስለ ብልቱ መጠን ነበር።

«ታዲያ ይሄ ሙገሳ አይደል?» ይላል ጸሐፊው። አይደለም። ይህ ተረት የመጣበት መንገድ አለው። በባርነት ዘመን ጥቁሩ ወንድ ሰው ሳይሆን ጉልበትና ሥጋ ብቻ ነው ለማለት የተወራ ነው። በአሜሪካ ደቡብ ብዙ ጥቁር ወንዶች «ለነጭ ሴት ያሰጋሉ» እየተባለ በገመድ ተሰቅለዋል፣ መነሻው ይኸው ተረት ነው። የዘፈኑት ልጆች ይህን ሁሉ አስበው ነው አልልም። አብዛኞቹ አላሰቡትም። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፣ ሲጀምሩ ክፋት አልነበራቸውም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ጸሐፊው አልጻፈውም። ኪክ ኢት አውት የሚባለው፣ በእንግሊዝ እግር ኳስ ውስጥ መድልዎን የሚታገለው ድርጅት፣ ዘፈኑ ጸያፍና አድሏዊ ነው አለ። ክለቡ ራሱ «አቁሙ» አለ። ሉካኩም ጻፈ። ደጋፊዎቹ በጎ አስበው መሆኑን መሰከረላቸው፣ ግን ይሄን ትተን አብረን ወደ ፊት እንሂድ አለ። ከዚህ የበለጠ በጨዋነት «ተዉኝ» ማለት አለ? በሴፕቴምበር 23 ማንቼ ሳውዝሃምፕተን ሜዳ ላይ ተጫወተ። ብቸኛዋን ጎል ያገባው ሉካኩ ነው። ከማንችስተር የተጓዘው ደጋፊ ግን ዘፈኑን ደገመው። የፈለግነውን እንዘፍናለን የሚልም ጨመረበት።

እንዲህ እናስበው። ለምትወደው ጓደኛህ ቅጽል ስም አወጣህለት። «ይቺን ስም ተዋት» አለህ። አንተ ድምጽህን ከፍ አድርገህ መልሰህ ጠራኸው። ያን ቀን ፍቅሩ የት ሄደ? እስከዚያ ቀን ዘፈኑ የሉካኩ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ራሳችን ሆነ፤ ማን ነው እኛን የሚያዝዘን የሚል ነገር ሆነ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልሂድ፣ «ባለቤቱ ቅር ካላለው» ወደሚለው። እውነት ለመናገር ይሄ ነጥብ ለረጅም ጊዜ እኔንም አሳምኖኝ ነበር። ያስጣለኝ ኮሪያዊው ፓርክ ጂ-ሱንግ ነው።

ፓርክ ከ2005 እስከ 2012 ማንቼ ተጫውቷል። ሳንባው የማይደክም ልጅ። በዲኤስቲቪ ቤት «ሦስት ሳንባ አለው» እያልን ነው ያደግነው። እሱም የራሱ ዘፈን ነበረው። ዘፈኑ አገሩ ውሻ እንደሚበሉ ይናገርና ከሊቨርፑል ሰው መሆን ግን ይሻላል ይላል። እንግዲህ የታለመው ሊቨርፑሎችን ለመስደብ ነው። ፓርክ መንገድ ላይ የተረገጠ ሰው ነው።

ፓርክ ሰባት ዓመት ሙሉ ምንም አላለም። ደጋፊው «ይወደዋል» አለ። በ2021 መጨረሻ ላይ በክለቡ በራሱ ፖድካስት ቀርቦ ተናገረ። መጀመሪያ ዘፈን ስለወጣለት ኮርቶ ነበር። ውሻ የምትለዋ ቦታ ላይ ግን ያመው ነበር። አዲስ ሰው ስለነበረ፣ የሰው አገር ባህል ነው፣ መልመድ አለብኝ ብሎ ዝም አለ።

ይሄ የእንግዳ ዝምታ ነው። ከአማርኛ አንባቢ ለማን አስረዳለሁ? ዐረብ አገር ሠርታ የመጣች እህት ታውቀዋለች። አውሮፓ ወይም አሜሪካ ገብቶ የመጀመሪያ ሥራውን የጀመረ ሰው ያውቀዋል። አለቃው በስሙ ሲቀልድበት አብሮ ይስቃል፣ ምክንያቱም ነገም እዚያው ይገባል። ያን ሳቅ «ቅር አላለውም» ብሎ መተርጎም ይቻላል። ግን ውሸት ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ፓርክን ያናገረው ምንድን ነው? የራሱ ህመም አይደለም። በዚያው በ2021 ኦገስት ላይ ወልቭስ የሚባለው የእንግሊዝ ክለብ ሁዋንግ ሂ-ቻን የተባለ ኮሪያዊ ወጣት አስፈረመ። ለደጋፊው የተዋወቀው ከማንቼ ጋር በሚጫወቱበት ቀን ነበር። የማንቼ ተጓዥ ደጋፊ ልጁን ሲያይ የፓርክን ዘፈን ዘፈነ። ለአንድ ሰው «በፍቅር» የወጣ ዘፈን፣ ሌላ ማልያ የለበሰ ሌላ ልጅ ላይ አረፈ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አገራቸውና መልካቸው ብቻ ነው። ፓርክ ታናናሾቹ ዛሬም ይሄን መስማታቸው እንዳሳዘነው ተናገረ፣ ቃሏ ዛሬ ለኮሪያ ሰው ስድብ ናት፣ እባካችሁ አቁሙ አለ። ክለቡም ቃሉን አክብሩለት ብሎ ደገመ።

ለእኛ ሰው ይሄ እንዲገባ አንድ ነገር ላስቀምጥ። ነገ አንድ የኛ ልጅ ኦልድ ትራፎርድ ገባ እንበል። ጎል አገባ። 74 ሺህ የሚይዘው ስታዲየም ተነስቶ ዘፈነለት፤ አገሩ እህል የለም፣ እሱ ግን ጎል ይበላል የሚል። ከፍቅር ነው። ሙገሳም ነው። የረሃቡን ቀልድ ውጭ አገር የሰማ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያን ጊዜ ሆዱ ውስጥ የሚሆነውን ያውቃል። ልጁ ምን ያደርጋል? እጁን ያወዛውዛል፣ ምን ምርጫ አለው? እዚያ ትምህርት ቤት የሚማሩት የማንችስተር ሐበሻ ልጆች ግን በማግስቱ ክፍል ይገባሉ። ዘፈኑ እዚያ ይጠብቃቸዋል።

ጸሐፊው በቶተንሃም (ስፐርስ) አብረው ይጫወቱ የነበሩትን፣ የኮሪያዊውን የሶንንና የኡራጓያዊውን የቤንታንኩርን፣ ነገር አንስቷል። ቤንታንኩር በ2024 በአገሩ ቴሌቪዥን ላይ ስለ ቡድን ጓደኛው ሶን ሲያወራ ኮሪያውያን ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው የሚል ቀልድ ወረወረ። ይቅርታ ጠየቀ፣ ሶንም ይቅር አለው። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ግን 7 ጨዋታና 100 ሺህ ፓውንድ ቀጣው። «ባለቤቱ ይቅር ካለ ምን ቀረ?» ይላል። ይቅርታ የሚባለው እኮ ጥፋት ሲኖር ነው። ሶን «ምንም አልተደረገም» አላለም። ይቅርታው ደግሞ የሶን ነው፤ ስለ ራሱ ይቅር ማለት ይችላል፣ የስፐርስ ማልያ ለብሶ ሴኡል ላይ ሌሊት ተነስቶ ስለሚያየው ልጅ ግን አይፈርምም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ጸሐፊው ልክ ነው፣ አልክድም። በ2020 የማንቼው ኡራጓያዊ አጥቂ ካቫኒ ለአገሩ ልጅ በኢንስታግራም «ኔግሪቶ» (ትንሹ ጥቁር) ብሎ አመሰገነ። 3 ጨዋታና 100 ሺህ ፓውንድ ተቀጣ። በኡራጓይ ቃሉ በወዳጆች መካከል የቁልምጫ ነው፣ የአገሩ የቋንቋ አካዳሚም ውሳኔውን ተቃውሟል። እኔም ቅጣቱ በዝቷል ባይ ነኝ። ቋንቋ ሳያውቁ መፍረድ አለ፣ እንግሊዞች ደግሞ ይሄ አያጣቸውም። ግን ካቫኒ ምን አደረገ? ጽሑፉን አጠፋ። ይቅርታ ጠየቀ። ባይስማማበትም ቅጣቱን ተቀበለ። በእሱ ስም ለወራት የተጣላው ደጋፊው ነው።

ራሰ በራውም ይሰደባል ለሚለው ብዙ አልጽፍም። ራሰ በራ ስለሆነ ቤት የሚያከራየው ያጣ ሰው አላውቅም። ወፍራም ስለሆነ ገበያ ወጥቶ የተሸጠ ሰውም አልሰማሁም። ሜዳው ከሕግ ውጭ ነው የሚለውም ቢሆን አልፎበታል፤ በሜይ 2023 ቫሌንሲያ ሜዳ ላይ የሪያል ማድሪዱን ጥቁር ብራዚላዊ ቪኒሲየስን በመልኩ የሰደቡ ሦስት ደጋፊዎች በዓመቱ ፍርድ ቤት 8 ወር እስራት ፈርዶባቸዋል።

የተቀናቃኝ ነገር ግን ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተቀናቃኝ ይጠቀምበታል። የኛ ዘፈን ሲወገዝ ሊቨርፑሎችና ሲቲዎች ደስ ብሏቸው ነው የሚያጋሩት። ጋዜጦቹም የሚወዱትን ክለብ ለስለስ አድርገው፣ የማይወዱትን አጥብቀው ነው የሚይዙት። ይሄን ጸሐፊው ሲጽፍ አልዋሸም።

ግን ወደ 2011 እንመለስ። ኦክቶበር 15፣ አንፊልድ። የሊቨርፑሉ አጥቂ ሱዋሬዝ ጥቁሩን የማንቼ ተከላካይ ፓትሪስ ኤቭራን ቆዳውን እያነሳ ሰደበው። ማኅበሩ መርምሮ 8 ጨዋታና 40 ሺህ ፓውንድ ቀጣው። ያኔ እኛ ምን እንል ነበር? ኤቭራ የኛ ነው። ሁላችንም ፀረ ዘረኝነት ሆነን ነበር። እኔ ራሴ ካምፓስ ከሊቨርፑል ደጋፊ ጓደኛዬ ጋር ለሁለት ሳምንት ተኮራርፌያለሁ። እሱ የሚለኝን ዛሬም አስታውሰዋለሁ፦ «የአገሩ ባህል ነው፣ ክፋት የለውም፣ ነገሩን ያጋነኑት እናንተ ናችሁ፣ ክለባችንን ለማጥፋት ነው።» የጸሐፊያችንን ጽሑፍ ሳነብ ያን ጓደኛዬን የሰማሁት መሰለኝ። ቃል በቃል አንድ ነው። የተለወጠው ማልያው ብቻ ነው።

በዲሴምበር 21 የሊቨርፑል ተጫዋቾች ዊጋን ሜዳ ላይ የሱዋሬዝን ፎቶ የያዘ ቲሸርት ለብሰው አሟሟቁ። ለቡድናቸው ልጅ ታማኝ መሆናቸው ነበር። ኤቭራ አንፊልድ ተመልሶ ሲሄድ ኳስ በነካ ቁጥር ይጮኹበት ነበር፣ እንደ ወንጀለኛ። በ2019 ያኔ የሊቨርፑል ተጫዋች የነበረው ጄሚ ካራገር በቴሌቪዥን ከኤቭራ ጎን ተቀምጦ ትልቅ ስህተት ሠርተናል ብሎ ይቅርታ ጠየቀው። ስምንት ዓመት ፈጀ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ኤቭራ ስምንቱንም ዓመት ይዞት ኖሯል። ካራገር ይቅርታ ሲጠይቅ ሊቨርፑላዊነቱ ቀነሰ? ስለዚያ ክለብ ከእሱ በላይ ማን ይከራከራል?

ታማኝነት ወዴት እንደሚያደርስ ደግሞ ያው ሉካኩ ያሳየናል። በ2019 ወደ ጣልያኑ ክለብ ኢንተር ሄደ። በሴፕቴምበር 1 ካልያሪ ሜዳ ላይ ፍፁም ቅጣት ምት ሲመታ የዝንጀሮ ድምጽ አሰሙበት። የተቀናቃኝ ደጋፊ ነው እንበል። ከቀናት በኋላ የራሱ የኢንተር አክራሪ ደጋፊዎች ግልጽ ደብዳቤ ጻፉለት። ምን ቢሉት ጥሩ ነው? ዘረኝነት አድርገህ በማሰብህ እናዝናለን፣ ጣልያን ውስጥ ይሄ ተጋጣሚን ለማወክ የሚደረግ ነገር ነው፣ ስትናገር ቡድንህን ትጎዳለህ። የራሱ ሰዎች ናቸው። ነገ ለእሱ ሊዘፍኑ የሚመጡት። የሰደቡትን ደግፈው የተሰደበውን ሰው ገሠጹ፣ ምክንያቱም ነገም እነሱ ራሳቸው በሌላ ጥቁር ላይ መጮህ ይፈልጋሉ።

ይሄን ነው የምፈራው። «እውነተኛ ደጋፊ ዝም ይላል» ስንል የምንጠብቀው ክለቡን አይደለም። ክለቡማ በ2017ም በ2021ም አቁሙ ብሏል። ጸሐፊው እንዳለው ከሆነ ማንቼ ራሱ እውነተኛ የማንቼ ደጋፊ አይደለም ማለት ነው። የምንጠብቀው የራሳችንን አፍ ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው መጣሁ፣ ወደ እኛ። «የፈረንጅ ችግር ነው፣ እኛ ራሳችን ጥቁር ነን።»

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ሰፈራችን ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ነበርኩ። ቆርቆሮ ቤት ነው፣ የእንጨት አግዳሚዎች፣ ጥግ ላይ ሻይ የሚፈላበት ሲሊንደር። የፊተኛው አግዳሚ ጫፍ ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጥ ልጅ ነበር። የጋምቤላ ልጅ ነው፣ አዲስ አበባ ለትምህርት የመጣ። ቀይ ማልያውን ለብሶ፣ ከጨዋታው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይመጣል። ብዙ አያወራም። ጎል ሲገባ ግን ከሁላችንም ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው።

ያን ቀን የኛ አጥቂ ባዶ ጎል ሳተ። ከኋላ አንዱ ተነስቶ ያቺን ቃል ጮኸ። የቱን ቃል እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ቤቱ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ቆም አለ። ሰው ሁሉ የፊተኛውን አግዳሚ ትዝ አለው። የጮኸው ልጅ ክፉ አይደለም፣ አውቀዋለሁ፣ ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚሮጥ ነው። ደንግጦ ወደ ልጁ ጎንበስ አለና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «አንተን አይደለም እኮ፣ እሱን ነው!» አለው፣ ቴሌቪዥኑን እያሳየ።

ልጁ ዞር አላለም። «ችግር የለም» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ። ሻዩን አልጨረሰውም። ለእረፍት ሲወጡ ወጣ፣ ለሁለተኛው አጋማሽ አልተመለሰም። 20 ብሩን ከፍሎ የግማሽ ጨዋታ አይቶ ሄደ። እኔ ሁለት አግዳሚ ከኋላው ነበርኩ። ምንም አላልኩም።

ከወር በኋላ ታክሲ ተራ አገኘሁት። «ጠፋህ» አልኩት። «በስልኬ ነው የማየው» አለኝ። ስልኩን አየሁት፣ መስታወቱ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። ደርቢውን በዚያ ነው ያየው፣ ብቻውን።

ጸሐፊው በአማርኛ ቃሏ ልማድ ናት፣ ቀለም መግለጫ ናት ይላል። ቃሏ ቀለም አይደለችም። ዋጋ ነበራት፣ ሰው በእሷ ስም ተሸጧል። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነው የገባችው። የሚሽረው አዋጅ የወጣው በ1942፣ በእኛ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. ነው። ይሄ የሩቅ ተረት አይደለም፣ የአያቶቻችን ዕድሜ ነው። ከማን መንደር ሰው ይወሰድ እንደነበርም እናውቃለን። ቃሏን ለማን እንደምንላትና ለማን እንደማንላት ደግሞ አፋችን ሳያስብ ይመርጣል። ቀለም ብቻ ብትሆን ኖሮ በዚያ ቤት ውስጥ ጠቆር ያልን ሁላችን ስንሰማት እንደነግጥ ነበር። የፊተኛውን አግዳሚ ብቻ ትዝ አይለንም ነበር።

ቅኝ አለመገዛታችንም ከዚህ ጋር አይገናኝም። ዓድዋ ላይ የተዋጋው ሰው ሌላ ሰው እንዳይገዛው ነው። በዚያ ድል ስም የጋምቤላን ልጅ ዝቅ አድርገን የምንጠራበት ፈቃድ አላገኘንም። ኡመድ ኡኩሪና ጋቶች ፓኖም የኢትዮጵያን ማልያ ለብሰው ተጫውተውልናል። ሁለቱም ከጋምቤላ ናቸው። ብሔራዊ ቡድናችን ሲጫወት «የኛ ልጅ» እያልን የምንጮኸው እኛ፣ ቅዳሜ ማታ የእንግሊዝ ኳስ ስናይ የእነሱን መልክ ስድብ ስናደርገው አይከብደንም።

ለጸሐፊው አንድ ነገር ልጨምርለት። ነገሩን ከጀመሩት ልጆች አንዳንዶቹ በንዴት «የኢትዮጵያ ደጋፊ ሁሉ ዘረኛ ነው» ብለዋል። ይሄ ልክ አይደለም። ያ ትከሻ የመታው ልጅ ካልያሪ ላይ የዝንጀሮ ድምጽ ካሰማው ሰው ጋር አንድ አይደለም። ቢያንስ ደንግጧል። «ዘረኛ ነህ» ብትለው ይጣላሃል፣ እልህ ይገባል፣ ነገ ሁለቴ ይላታል። «የፊት ወንበር ያለው ልጅ ሰምቶሃል» ብትለው ግን ምናልባት ይሰማል። ይሄን እኔ ያን ቀን ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም።

ደግሞ ስድብ ጨርሶ ይጥፋ ያለ የለም። ባዶ ጎል የሳተ አጥቂ ይሰደብ። ዐይኑ ይመርመር፣ ጫማው ይቃጠል፣ በጥር ይሸጥ። አማርኛ ለዚህ ቃል አያጥረውም። ያችን አንዷን ቃል ብንተዋት የምናጣው ጨዋታ የትኛው ነው? ጸሐፊው ሦስት ገጽ ሲጽፍ ይሄን አልነገረንም። ማልያ ለብሶ የሚመጣ ልጅ ግን አጥተናል፣ ስሙን አውቀዋለሁ።

ወንድሜ፣ የምትጽፈውን እወዳለሁ፣ በዚህም አልጣላህም። እሁድ ጨዋታ አለ። እዚያው ቆርቆሮ ቤት ነኝ፣ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ። ለልጁም ደውዬለታለሁ፤ «አያለሁ» ነው ያለኝ። ና፣ ሻይ በእኔ ነው።